ልስን የሚሸፍነው ሒሳብ

ድልድይን ማንም በሴራሚክ አይሸፍነውም። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመቱንና 43 ሜትር ስፋቱን ይዞ፣ ለፀሐይም ለዝናብም ለተመልካችም እንደተሰጠ ይኖራል። ከድልድዩ ወርዳችሁ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ስትዘልቁ ግን አርማታ ራቁቱን የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ፎርምወርኩ ከተፈታበት ቀን አንስቶ ልስን ሠሪው እስኪገባ። ከዚያ ልስን፣ ከልስኑ ላይ ቀለም፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አሉሚኒየምና መስታወት ይመጣል። በቃ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ዳግም የሚያይ የለም። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው።

ምህንድስና አልተማርኩም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። አሸዋና ጠጠር ግን ከምህንድስና በፊት ገበያ ናቸው። ሻጭ አላቸው፣ ደላላ አላቸው፣ የኮቴ ክፍያ አላቸው። የኮለኑ ፊት ላይ የሚታየው ጉድፍ ደግሞ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ የዚያ ገበያ ደረሰኝ ነው።

ከሐይቁ ዳር እስከ አዳዲሶቹ ሰፈሮች እየተዘዋወራችሁ ገና ያልተለሰኑ ሕንፃዎችን ብታዩ ብዙ ዓይነት ፊት ታገኛላችሁ። አንዱ ኮለን እንደተወለወለ ነው። አጠገቡ ያለው እግሩ ሥር ጠጠሩ ብቻውን ቆሞ፣ በመሀሉ ሲሚንቶ የሚባል ሳይገባ፣ የንብ ቀፎ መስሏል፤ መሐንዲሶቹም ሃኒኮምብ ነው የሚሉት። አንዳንዱ ቢም ላይ ሁለት ቀለም ታያላችሁ፤ ከላይ ነጣ ያለ፣ ከታች ጠቆር ያለ፣ በመሀል መስመር። ጠዋት ተሞልቶ ከሰዓት የተቀጠለ አርማታ ነው ማለት ነው። ሶሌታ ሥር ቀና ብላችሁ ካያችሁ ፌሮው ራሱ ወጥቶ ሰላም ሊላችሁ ይችላል።

ስለ ሲሚንቶ ሁላችንም እናወራለን። ዋጋው ሰማይ በነካባቸው ዓመታት መንግሥት የመሸጫ ዋጋ እስከ መተመን ደርሷል፤ መስከረም 2017 የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲመረቅም የአገር ዜና ነበር። መሆንም ነበረበት። ግን ከአንድ ሜትር ኩብ አርማታ ውስጥ ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ቦታ የሚይዘው አሸዋና ጠጠር ነው። ሲሚንቶ በከረጢት ታሽጎ፣ ክብደቱና ዓይነቱ ተጽፎበት ይመጣል። አሸዋው የሚመጣው በገልባጭ መኪና፣ ሸራ ለብሶ፣ ስሙም «አሸዋ» ብቻ ሆኖ ነው።

እስቲ ከአሸዋው እንጀምር። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሁለቱም አሸዋ የሚወጣባቸው ወንዞች ናቸው። ወንዝ ከተራራ ሲወርድ ጉልበት ስላለው ሻካራውን አሸዋ ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ጭነቱን ያራግፋል። ወደ ሐይቁ በቀረበ ቁጥር የሚጥለው ነገር እየደቀቀ፣ ጭቃው እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ከአንዱ ወንዝ የወጣ አሸዋ እንኳ ከየትኛው ቦታና በየትኛው ወር እንደወጣ ይለያያል። የኢትዮጵያ ደረጃ በአሸዋ ውስጥ የሚኖረው ጭቃና ደለል ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጭቃ የአሸዋውን ቅንጣት እንደ ሸሚዝ ይለብሰዋል፤ ሲሚንቶው የሚይዘው ድንጋዩን መሆኑ ቀርቶ ሸሚዙን ይሆናል። ጭቃ ደሞ ውሃ ይወዳል። ድብልቁ ሲደርቅባቸው ሠራተኞቹ አንድ ባልዲ ይጨምራሉ። ያ ባልዲ ከሳምንታት በኋላ በጣት ሲነካ ዱቄት የሚሆን ፊት፣ ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ሶሌታ ሆኖ ይመጣል።

ዋጋው ግን ይሄን አያውቅም። አሸዋ ባሕር ዳር ላይ የሚሸጠው በቢያጆ ነው፤ ዋጋውን የሚወስኑት የመኪናው መጠን፣ የመንገዱ ርቀት፣ የነዳጁ ዋጋና መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ ናቸው። ያለፉት ዓመታት የክልሉ የፀጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ «ከየት የመጣ ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቅንጦት ይሆናል፤ የመጣው ይገዛል። ያልታጠበው ከታጠበው እኩል የሚሸጥ ከሆነ፣ ማን ሞኝ ነው ውሃ ቀድቶ አሸዋ የሚያጥብ? በማኅበር ተደራጅተው ወንዝ ውስጥ ቆመው አሸዋ የሚዝቁትን ወጣቶች በዚህ መውቀስ አልፈልግም። የሚከፈላቸው መኪናውን ለሞሉበት ነው፣ መኪናውን ይሞላሉ።

በመጠን መግዛት ሌላም ጉድ አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይሄ ነው። ትንሽ የረጠበ አሸዋ ያብጣል። በቅንጣቶቹ መሀል ያለው ስስ ውሃ እርስ በርስ ያራርቃቸውና፣ ያው አሸዋ ከ20 እስከ 30 በመቶ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ደቃቅ አሸዋ ሲሆን ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ጫነ እንበል። እብጠቱ 25 በመቶ ቢሆን፣ ደረቅ ሆኖ ቢለካ የሚገኘው አሸዋ 12.8 ሜትር ኩብ ነው። ቀሪው 3.2 ሜትር ኩብ አየር ነው። ገዢው ለአየር ከፍሏል፣ ለአየሩ ማጓጓዣም ከፍሏል። ሻጩ አላጭበረበረም፤ መኪናው እውነትም ሞልቷል። መለኪያው ነው የተሳሳተው።

ኪስ ላይ ብቻ ቢያበቃ ባልጻፍኩት። አርማታው የሚቦካው ደግሞ በሳጥን ነው፤ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን ጠጠር እየተባለ። አሸዋው ያበጠ ከሆነ 2 ሳጥን የተባለው በእውነቱ 1.6 ሳጥን ነው። ከሚያስፈልገው አሸዋ አንድ አምስተኛው የለም። የጠጠሩን ክፍተት የሚሞላው አሸዋና ሲሚንቶ ነው፤ አሸዋው ካነሰ ጠጠሩ በጠጠር ላይ ይቆማል፣ መሀሉ ባዶ ይቀራል። የንብ ቀፎው ተገኘ ማለት ነው! በበጋ ደህና ሲሠራ የነበረ ያው ባለሙያ፣ በዚያው ሳጥን፣ በዚያው ሲሚንቶ፣ ሰኔ ላይ ኮለኑ ቀፎ ሆኖ ሲወጣበት ሰዎች ቫይብሬተሩን ይራገማሉ። ቫይብሬተሩም ጥፋት ሊኖርበት ይችላል፤ ኪራዩ በቀን ስለሆነ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ሌላ ሳይት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ግን ሳጥኑን የሚጠረጥር ሰው እምብዛም ነው።

ጠጠሩ ሌላ ታሪክ ነው። ባሕር ዳር የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጣናን ራሱን ከደቡብ በኩል የገደበው ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው። አጥሮቻችን፣ የድሮ ቤቶች መሠረት፣ ጢስ ዓባይ የሚዘልበት ገደል፣ ሁሉም ከዚያው ዘር ናቸው። ጥቁር ድንጋይ ግን ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ድፍን ነው፣ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። ሌላው ሲቀዘቅዝ አየር የያዘ፣ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ከአንድ ካባ ሁለቱም ሊወጡ ይችላሉ፤ ክሬሸሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ፈጭቶ «02» ብሎ ይሸጣቸዋል። 02 መጠን ነው እንጂ ጥራት አይደለም።

ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ውሃ ይጠጣል። ሳይርስ ወደ ማቡኪያው ከገባ የሲሚንቶውን ውሃ ይመጠዋል፤ ድብልቁ ድንገት ይደርቃል፣ ያው ባልዲ ይመጣል። አንዱ ቡኮ በባልዲ፣ ሌላው ያለ ባልዲ ሲሆን ኮለኑ ላይ የቀለም ዥጉርጉር ይወጣል። ጠጠሩ ከቅርጹም ነገር አለበት፤ ክብ ወይም ኩብ መሰል መሆን ሲገባው እንደ ስንጥር የጠፈጠፈው ከበዛ በፌሮዎች መሀል ተጋድሞ መንገድ ይዘጋል፤ ከበስተኋላው አርማታ አይደርስም። ይሄ በተለይ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ቦታ ነው የሚብሰው፣ ፌሮው እዚያ ጋ ስለሚጨናነቅ። ሕንፃው ከሁሉ በላይ ጉልበት የሚያስፈልገውም እዚያው ጋ ነው።

ባዶ ቦታ ምን ያህል ይጎዳል ለሚለው በምህንድስና መጻሕፍት የታወቀ ቁጥር አለ፤ በአርማታ ውስጥ 5 በመቶ ባዶ ቦታ መኖር ጥንካሬውን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ግንኙነቱ እኩል በእኩል አይደለም ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ ቅናሽ።

ለመሆኑ ገበያው ይሄን ለምን አያስተካክለውም? ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው በአማካይ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ዋጋው እንደገና ይወርዳል፣ ትንሽ ይሻል የነበረውም ይወጣል። የእኛ አሸዋ ከመኪናው የከፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ ራሱ የሚሸጠውን አያውቀውም። ደላላውም፣ ሹፌሩም፣ ገዢውም አልመዘኑትም። ማንም የማያውቀውን ነገር ዋጋ ሊያውቀው አይችልም።

እዚህ ላይ ነው የአርማታው ፊት ዋጋ የሚያወጣው። ፎርምወርኩ ሲፈታ ያ ሁሉ የተደበቀ ነገር ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ በነፃ ይታያል። አበው «ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው» ይላሉ፤ የአርማታ ጉድ ግን አስቀድሞ ታይቶ ነው የሚሸፈነው። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ቤት ሲሠራ ሳይቱ ላይ አልፎ አልፎ እቆም ነበር። አንዱ ኮለን ሲፈታ ከታች አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ቀፎ ሆኖ ወጣ፤ ፌሮው ይታያል። አክስቴ ደንግጣ «ምንድን ነው ይሄ?» ስትል ፎርማኑ በጣም በእርጋታ መለሰላት፣ «እትዬ፣ ምንም አይደለም፤ ይለሰናል እኮ!»

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፣ እየዋሸም አልነበረም። በእሱ ዓለም ችግሩ መልክ ነው፣ መልክን ደግሞ ልስን ይፈታዋል። በማግስቱ በቡኮ ደፈኑት። ሳይጠረብ፣ ሳይታጠብ፣ መሐንዲስ ሳያየው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የትኛው ኮለን እንደነበር እኔም መለየት አቃተኝ።

በተቃራኒው የሚነሳ ክርክር አለ፤ ትክክልም ነው። ፊት አይቶ ውስጥን መፍረድ አይቻልም። ፎርምወርክ ላይ ተለጥፈው የሚቀሩ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ናቸው፣ ለነሱ ኮለን ማፍረስ እብደት ነው። አዲስ ላሜራና ጥሩ ዘይት ደግሞ ደካማ አርማታን እንደ መስታወት ያሳምረዋል። ስለዚህ ያማረ ፊት ምንም አያረጋግጥም። የተበላሸ ፊት ግን ያረጋግጣል፤ ቀፎ ያለበት ቦታ አርማታ እንደሌለ ማየት ብቻ ይበቃል። ምልክቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ነው። የአንድ ወገን መረጃ ደሞ ከምንም ይሻላል፣ በተለይ በነፃ ሲሆን።

እኛ አንድ ዕድል አለን። ጣና ጨዋማ አይደለም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ ከተሞችን አርማታ የሚበላው የባሕር ጨው እኛ ጋ የለም። ግን ክረምት አለ፣ እርጥበት አለ። ፌሮን ከዝገት የሚጠብቀው የለበሰው ድፍን አርማታ ነው፤ ቀፎ ውስጥ ያለ ፌሮ በስስ ልስን ብቻ ነው የተሸፈነው። ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይሰነጥቃል። ይሄ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ባለቤቱ ሸጦት ወይም አከራይቶት ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ የሚመጣው ሶሌታው ሥር አልጋውን ለዘረጋው ተከራይ ነው።

የተጠራቀመ ሒሳብ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ አየርላንድን ይመልከት። እዚያ በዶኒጎልና በሜዮ አውራጃዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ግድግዳቸው መፍረክረክ ጀመረ፤ ብሎኬቱ የተሠራበት ድንጋይ ሚካና ፓይራይት የሚባሉ ጎጂ ማዕድናት ነበሩበት። ቤቶቹ የተሠሩት በደህናው ጊዜ ነው፣ ሲሠሩም ያምሩ ነበር። ብዙዎቹን አፍርሶ ከመሥራት ውጪ መፍትሔ አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚሁ ሕግ ወጣ፣ ወጪውም ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ተገመተ። የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው። የእኛ ድንጋይ ያ ችግር አለበት አላልኩም። የምለው፣ ካባ ላይ ሊጣራ ይችል የነበረ ነገር ቤት ከሆነ በኋላ ሲመጣ ሀብታም አገርን እንኳ ያንገዳግዳል ነው። እኛ ጋ ቢመጣ ከፋዩ ማን እንደሚሆን እንጃ።

አቅም የለንም የሚለውን አልቀበልም። በዚሁ በዓባይ ላይ፣ ከእኛ ወደ ታች፣ በሕዳሴው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ተሞልቷል። ከተማችን ውስጥ ፖሊ የምንለው ተቋም ከ1955 ጀምሮ ባለሙያ ያወጣል፣ ዛሬም ሲቪል መሐንዲሶችን ያስመርቃል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በምድብ ከፍሎ የከተማ አስተዳደሮችን ቁጥጥር አዟል። ዕውቀቱም ሕጉም አለ። ያልተያያዘው ዋጋው ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ ሁለት ነገር እጀምር ነበር። አንደኛው፣ አርማታ ከተፈታ በኋላ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ኮለን በኮለን ፎቶ አንሥቶ፣ የተበላሸው እንዴት እንደተጠገነ ጽፎ ሳይፈርም ልስን እንዳይጀመር። ዛሬ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ አለው፤ ወጪው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ያ ፋይል ከሕንፃው ጋር ይሸጥ፣ ከሕንፃው ጋር ለባንክ ይቅረብ። አበዳሪው ባንክ መያዣ የሚይዘው ልስኑን ነው ወይስ ኮለኑን? ባንኮች ይሄን ፋይል መጠየቅ ቢጀምሩ ከማንኛውም መመሪያ በፊት ገበያው ይሰማል።

ሁለተኛው፣ በኮሪደር ልማቱም በመንግሥት ሕንፃዎችም ትልቁ የአሸዋና የጠጠር ገዢ መንግሥት ራሱ ነው። ትልቅ ገዢ ዋጋ ማስያዝ ይችላል። ጭቃው ከ6 በመቶ በታች ለሆነ አሸዋ የተሻለ ዋጋ እከፍላለሁ፣ የምገዛውም በሚዛንና እርጥበቱን ቀንሼ ነው ቢል፣ የአሸዋ ማኅበራቱ ማጠቢያ ለመሥራት ምክንያት ያገኛሉ። ይሄ አሸዋውን ያስወድደዋል የሚል ይመጣል። በቢያጆ አዎ። የሚከፈልበት አየርና ጭቃ ከወጣለት በኋላ ግን ልዩነቱ የምንፈራውን ያህል አይመስለኝም።

መንግሥትና ባንክ እስኪንቀሳቀሱ፣ ዘንድሮ ቤት የምትሠሩ ሰዎች ግን በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ብዙ ነገር ማወቅ ትችላላችሁ። የላይኛውን ጠባብ ክፍል ቁረጡት። አሸዋ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ውሃና ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩበት፣ አፉን ከድናችሁ በደንብ ነቅንቁና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ከአሸዋው ላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መኪናው ሳያራግፍ መልሱት፤ ሹፌሩ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ለእብጠቱ ደግሞ እርጥቡን አሸዋ ሳትጫኑ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሙሉት፣ ከዚያ ውሃ አጥለቅልቁት። አሸዋው ወርዶ 12 ላይ ከቆመ እብጠቱ 25 በመቶ ነው። ይሄን ለመሐንዲሳችሁ አሳዩት፤ 2 ሳጥን ሲባል የነበረው አሸዋ 2 ሳጥን ተኩል ይሁን፣ የሚጨመረው ውሃም ይቀነስ፤ እርጥቡ አሸዋ የራሱን ውሃ ይዞ ነው የመጣው።